ስለ አሮጌ ኮምፒዩተርና በውስጡ ስለሚገኙት ካርዶች

ባለፈው በጋ በነገሌ ቦረና ከተማ የአንድ ሟች ንብረት ለወራሾቹ ሲቈጠር፤ ሥራዬ የፍርድ ቤት ጸሓፊነት ነውና፤ መዝገቤን ይዤ ተገኝቼ ነበር። ሟቹ በመንግሥት ሥራ ብዙ ዘመን ያገለገሉ፤ በጡረታ ከወጡም በኋላ በዚያው በነገሌ ቤት ሠርተው የኖሩ ሰው ነበሩ። ከብቱ፤ ምንጣፉ፤ የብረት ሣጥኑና የቤቱ ዕቃ ሁሉ በተራ ተቈጥሮ ሲያልቅ፤ ከጓዳው ጥግ በማዳበሪያ ከረጢት የተሸፈነ አንድ አሮጌ ኮምፒዩተር ተገኘ። አንድ መሥሪያ ቤት ያረጀ ዕቃውን በሐራጅ በሸጠ ጊዜ ሟቹ ገዝተው ያመጡት ኖሯል። ታላቁ ልጅ፤ «ጋሼ፤ ይህንስ ቆራሌው ይውሰደው፤ ከብረቱ በቀር የሚረባ ነገር የለውም» አለኝ። እኔም በዝርዝሩ ላይ «አንድ አሮጌ ኮምፒዩተር፤ ዋጋ የሌለው» ብዬ ጻፍሁ። በዚህ ጊዜ የሟቹ ባለቤት ከተቀመጡበት ሳይነሡ፤ «ልጄ፤ እነዚያ ዐሥራ አንድ ዲስኬቶች በዚያ የተጻፉ ናቸው፤ ያበደረውንም፤ ከብት ያስጠበቀበትንም፤ የአባቶቹንም ትውልድ ሁሉ የጻፈው በዚያ ነው፤ ሌላ ወረቀት የለም» አሉኝ። «እሜቴ፤ ይህን አላወቅሁም» ብዬ ብዕሬን አስቀመጥሁ።

ለዚህ ጽሑፍ ምክንያት የሆነኝ ያን ጊዜ የተሰማኝ ኀፍረት ነው። በነገሌ ብቻ ሳይሆን፤ በፊልቱና በዶሎ፤ በያቤሎ፤ በመጋና በሞያሌ፤ ይልቁንም በቀድሞ ሹማምንት ቤት እንዲህ ያለ ዕቃ ተሸፍኖ ይገኝ ይሆናል። ባለቤቶቹ ሆዱን ከፍተው ቢመለከቱትና የሚያዩትን ነገር ስም ቢያውቁት፤ ለቆራሌው ከመስጠት በፊት ብዙ ያስባሉ ብዬ አምናለሁ። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

የዛሬ ኮምፒዩተር የሚያስፈልገውን ሁሉ ባንድ ሰሌዳ ላይ ይዞ ይወጣል። የቀድሞው ግን እንግዳ ሲመጣ የሚሰጥ ባዶ ክፍል ተትቶለት እንደ ተሠራ ቤት ነበር። ማዘርቦርድ በሚባለው በታላቁ ሰሌዳ ላይ ስሎት የሚባሉ ረዣዥም ጠባብ መሰኪያዎች በረድፍ ተሠርተዋል፤ ለሥዕሉ፤ ለማተሚያው፤ ለዲስኬቱ፤ ለስልኩ የሚያገለግለው እያንዳንዱ ትንሽ ሰሌዳ፤ ይኸውም ካርድ የሚባለው፤ በስሎቱ ላይ ቀጥ ብሎ ይሰካል። በ1977 የወጣው አፕል ሁለት 8 ስሎት ነበረው። በነሐሴ 1981 የወጣው የአይቢኤም ፒሲ 5 ስሎት ሲኖረው፤ በ1983 ኤክስቲ የተባለው ታናሽ ወንድሙ 8 ሆነለት፤ በ1984 ደግሞ ኤቲ የተባለው ከፊተኛው ስሎት ጫፍ ሌላ አጭር ስሎት ተጨምሮለት ወጣ። እንግዴህ ከስሎቱ ርዝመት የመኪናውን ዕድሜ መገመት ይቻላል፤ ባንድ መስመር ሁለት ስሎት ተከታትለው ከታዩ ከ1984 ወዲህ የተሠራ ነው። በ1982 የወጣው ኮሞዶር 64 ግን ከኋላው ባለ አንድ ቀዳዳ ብቻ ስለ ሆነ እዚህ ብዙ አያናግረንም። በአገራችን መሥሪያ ቤቶች በብዛት የታየው የአይቢኤም ዘር ነውና ወደዚያው እንመለስ።

ሣጥኑ ከመከፈቱ በፊት የኤሌክትሪኩ መሰኪያ ከግድግዳው መነቀል አለበት፤ መዝጋት ብቻ አይበቃም። ከኋላ ያሉትን ብሎኖች በካቻቢቴ ፈትቶ ክዳኑን ከመግፋት በፊት የትኛው ገመድ ከየት እንደ ተሰካ በወረቀት መሣል፤ ወይም በስልክ ፎቶግራፍ ማንሣት ያሻል። ጠፍጣፋው ገመድ ባንድ ጠርዙ ቀይ መስመር አለበት፤ ይህም የአንደኛው ሽቦ ምልክት ስለ ሆነ ሲመለስ ተገልብጦ እንዳይሰካ ይጠብቃል። በበጋ የቆላው አየር ደረቅ በመሆኑ ሰው በምንጣፍ ላይ ሲሄድ በገላው ኤሌክትሪክ ይጠራቀማል፤ ካርድ ከመንካት በፊት የሣጥኑን ብረት መዳሰስ ይገባል። ካርዱንም በጠርዙ እንጂ በወርቅ የተቀባውን ጥርሱን መያዝ አይገባም።

ካርድን ለይቶ የማወቅ ጥበብ የሚጀምረው ከፊቱ ሳይሆን ከጀርባው ነው፤ በሣጥኑ ኋላ የሚታየው የብረት ጫፉ ሥራውን ይናገራልና። 25 ቀዳዳ ያለው ባብዛኛው የማተሚያ ነው። 9 ወይም 25 እሾህ የወጣለት የሲሪያል ነው፤ ሞደምና የቀድሞ ማውስ በዚያ ይሰካሉ። 15 ቀዳዳ በሁለት ረድፍ ከሆነ ለጨዋታ ማንቀሳቀሻ፤ በሦስት ረድፍ ከሆነ ግን በ1987 ለወጣው ቪጂኤ ለሚባለው የሞኒተር ካርድ ነው። ክብ ሆኖ እንደ ቴሌቪዥን አንቴና ገመድ የሚጠመዘዝ ሲገኝ የኔትወርክ ነው። ወደ ውስጥ ሲታይ ደግሞ ባለ 34 ሽቦ ጠፍጣፋ ገመድ ወደ ዲስኬት ማንበቢያው የሚሄድበት የፍሎፒ ካርድ ነው፤ ከ34ቱ ሌላ ባለ 20 ሽቦ ከተጨመረበት የአሮጌው ሀርድ ዲስክ ነው። ብዙ ሥራ ባንድነት የሚሠሩም አሉ፤ በ1983 የወጣው የኤኤስቲ ሲክስፓክ ፕላስ ሜሞሪውን፤ ሰዓቱን፤ ሲሪያሉንና የማተሚያውን መሰኪያ ባንድ ሰሌዳ የያዘ ነበር።

የጀርባው ምልክት የማይበቃ ሲሆን በሰሌዳው ላይ የተጻፈውን መመልከት ነው። በአሜሪካ ለሽያጭ በቀረበ ካርድ ላይ ኤፍሲሲ የሚል ቃል ተጽፎ ከጐኑ ፊደልና ቍጥር ይገኛል፤ ከዚያ የፊተኞቹ ሦስቱ ምልክቶች ፈቃድ የተሰጠውን ባለ ፋብሪካ ስለሚያመለክቱ፤ ስም የሌለው ካርድ ሳይቀር በዚያ ይታወቃል። በጥቍሮቹ ቺፖች ላይም ብዙ ጊዜ አራት አኃዝ ይጻፋል፤ 8734 ቢል በ1987 ዓመት በ34ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው። ከቺፖቹ ሁሉ የሚዘገየውን ቀን የያዙ እንደ ሆነ ካርዱ ከዚያ በፊት ሊሠራ አይችልም። እኔ በመዝገብ ላይ የሰነድ ቀን ሳመሳክር የኖርሁ ሰው ስለ ሆንሁ ይህኛው ዘዴ ከሁሉ ይልቅ ደስ ያሰኘኛል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ባለ 9 ቀዳዳው የሞኒተር ካርድ ከሁሉ ይልቅ ሰውን ያሳስታል፤ በመልክ የሚመሳሰሉ በሥራ ግን የሚለያዩ አራት ዓይነት ካርዶች ያንኑ ቀዳዳ ለብሰዋልና። ከጐኑ የማተሚያ ቀዳዳ ካለበት ባብዛኛው ኤምዲኤ ወይም ሄርኩለስ ነው፤ ሁለቱም ባንድ ቀለም ብቻ የሚያሳዩ ናቸው። አንድ ክብ ቀዳዳ ካለበት ሲጂኤ፤ ሁለት ክብ ቀዳዳ ካለበት በ1984 የወጣው ኢጂኤ ሊሆን ይገባል። ኤምዲኤንና ሄርኩለስን ለመለየት ሜሞሪያቸውን መቍጠር ነው፤ የፊተኛው 4 ኪሎባይት ሲሆን የኋለኛው 64 ኪሎባይት ነው። ይህን ሳይለዩ ያገኙትን ሞኒተር መሰካት ክፉ ነው፤ ላንድ ቀለም የተሠራው ሞኒተር የሲጂኤን ካርድ ምልክት ሲቀበል ሊቃጠል ይችላል። ቀዳዳው ልክ ስለ ሆነ ብቻ ገመድ ማግባት፤ ፊርማው ስለ መሰለ ብቻ ውሉ እውነተኛ ነው እንደ ማለት ነው።

ልዩነቱ ለኛ ለአማርኛ አንባቢዎች የሚከብደው ከዚህ ይልቅ በፊደላችን ነው። ኤምዲኤ ፊደሎቹን በማይለወጥ ቺፕ ውስጥ ተቀርጸው የተቀበለ ስለ ሆነ ከላቲን ፊደልና ከጥቂት ምልክት በቀር ሌላ መጻፍ አይችልም። የኮምፒዩተሩ ሰንጠረዥ ለ256 ምልክት ብቻ ቦታ ሲኖረው፤ ግማሹን የላቲን ፊደልና አኃዝ ይዞታል። የኛ ፊደል ግን 33 ቤት በ7 ሲባዛ 231 ነው፤ 20ው አኃዝ ሲጨመርበት 251፤ ኋ፤ ቋ፤ ጓ፤ ሟን የመሳሰሉትና ነጥቦቹ ሲመጡ ከሰንጠረዡ ያልፋል። ኢንጂነር አያና ብሩ የጽሕፈት መኪናን ለአማርኛ ባበጁ ጊዜም የታገሉት ከዚህ ከፊደል ብዛት ጋር ነበር። ሲጂኤ ደግሞ በነጥብ መሣል ይችላል፤ ነገር ግን ከላይ እስከ ታች ያለው 200 ነጥብ ብቻ በመሆኑ 25 መስመር ሲጻፍበት ለአንድ ፊደል የሚደርሰው 8 ነጥብ ነው። በ8 ነጥብ ቸንና ችን፤ ጸንና ጾን ለይቶ ማንበብ ዓይን ያደክማል።

ይህ ጭንቀት የኛ ብቻ አልነበረም። ቫን ሱዋናኩል የተባለ የታይላንድ ሰው በአሜሪካ ለዶክተርነት የሚያቀርበውን ጽሑፍ በታይ ፊደል ለመጻፍ ፈልጎ፤ ኤምዲኤ ፊደሉን ስለማይለውጥለት፤ ሲጂኤም ነጥቡ ስለሚያንስበት፤ ራሱ አዲስ ካርድ ሠራ። በ1982 የወጣው ሄርኩለስ ይህ ነው፤ ወደ ጐን 720፤ ወደ ታች 348 ነጥብ ይሥላል። አንድ ተማሪ ለአገሩ ፊደል ብሎ የሠራው ነገር በዓለም ሁሉ ተሸጠ። ፊደሉን በነጥብ የሚሥል የአማርኛ ፕሮግራም ሁሉ እንዲህ ያለ ካርድ ያስፈልገው ነበር። በኋላ የመጡት ኢጂኤና ቪጂኤ ደግሞ የፊደሉን መልክ ከዲስክ ተቀብለው እስከ 512 ምልክት ባንድ ጊዜ መያዝ ስለ ቻሉ የፊደላችን መንገድ ሰፋ። በዚያ ዘመን በአሜሪካ አቶ ፍሥሓ አጥላው ዳሽን ኢንጂነሪንግ በሚባለው ድርጅታቸው የግእዝ ፊደል መጻፊያ ሠሩ፤ በአገር ቤትም እንደ አጋፋሪ ያሉት ፕሮግራሞች በየመሥሪያ ቤቱ ታወቁ።

ነገር ግን እያንዳንዱ ፕሮግራም ለፊደሎቹ የራሱን ቍጥር ይሰጥ ነበር። ባንዱ «ሀ» የሆነው ቍጥር በሌላው «ጨ» ወይም ሌላ ምልክት ሊሆን ይችላል። የግእዝ ፊደል በዩኒኮድ ገብቶ ለሁሉ አንድ ቍጥር የተወሰነለት በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የተጻፈ ፋይል ዛሬ በአዲስ ኮምፒዩተር ሲከፈት ትርጕም የሌለው ምልክት ሆኖ የሚታየው ስለዚህ ነው። እንዲህ ከሆነ አሮጌው ሣጥን፤ በውስጡ ያለው ካርድና ፕሮግራሙ ለዚያ ጽሑፍ መክፈቻ ናቸው ማለት ነው። ዲስኬቱን አስቀምጦ ሣጥኑን መሸጥ መዝገቡን ጠብቆ ቍልፉን እንደ መጣል ነው።

ወደ ነገሌው ቤት ልመለስ። ታናሹ ልጅ በአዲስ አበባ ተምሮ የመጣ ትጉህ ሰው ነበረና፤ ዕቃው እንዲከፈት ሁሉም ወራሾች ከተስማሙ በኋላ ሣጥኑን ባንድነት ተመለከትን። እርሱ ለመቸኰል ሲነሣ እኔ ስከለክለው ቀኑ መሸ። አስቀድሞ የኤሌክትሪኩን ነገር መረመርን። የአገራችን ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ነው፤ ከአሜሪካ የመጣ ኮምፒዩተር ግን በ115 ቮልት ተወስኖ ሊሆን ይችላል፤ ከኋላው በምትገኘው ትንሽ ቀይ መቀያየሪያ ላይ የትኛው ቍጥር እንደሚታይ ሳያዩ መሰካት ዕቃውን ያቃጥላል። በሞያሌ በኩል ከኬንያ የመጣ ከሆነ መሰኪያው ባለ ሦስት ጠፍጣፋ እግር ነው፤ በኬንያም 240 ቮልት ስለሚሠራበት በዚህ ረገድ አያሠጋም። የኛው 230 የሚል ሆኖ ተገኘ። ከዚያም የቆላው ቀይ አቧራ በደረቅ ብሩሽ ተጠረገ። በኤቲዎቹና ከእነርሱ በኋላ በመጡት ማዘርቦርዶች ላይ የተበየደ ክብ ባትሪ ካለ በውስጡ ያለው አልካሊ ፈስሶ አረንጓዴ ዝገት እንዳያወርድ ተቈርጦ መውጣት አለበት፤ ይህ መኪና ኤክስቲን የመሰለ በመሆኑ ከዚያ ነጻ ነበር። መስኮት ያለበትን ቺፕ የሸፈነችውን ወረቀት ልጁ ሊልጣት ሲል ያዝሁት፤ በዚያ መስኮት ቀጥተኛ ፀሐይ አንድ ሳምንት ያህል ቢገባበት በቺፑ የተጻፈው ይጠፋልና። የነገሌን ፀሐይ ለሚያውቅ ይህ ቀልድ አይደለም።

በዚህ አገር አንዲት የተበላሸች ዕቃ የምታመጣውን ማቃለል አይገባም። በጥር 1974 የወታደሮች የውኃ ፓምፕ በነገሌ ተበላሽቶ፤ ከመኰንኖቹ ጕድጓድ እንዳይቀዱ ስለ ተከለከሉ የተነሣው ዐድማ የት እንደ ደረሰ አንባቢ ያውቀዋል።

መኪናው ሲከፈት ድምፅ ሰጠ፤ ሞኒተሩ ግን ጨለማ ነበር። ልጁ ሞኒተሩ ሞቷል ብሎ ፈረደ፤ የኋላውን ካርድ አውጥቶ በምትኩ ቪጂኤ ካርድ እንዲያገባና የዛሬ ሞኒተር እንዲሰካ አሰበ። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም። ነገር ግን የአባቱ ፕሮግራም ከየትኛው ካርድ ጋር እንዲሠራ እንደ ተሰናዳ አናውቅም ነበር፤ ለሄርኩለስ የተሰናዳ ቢሆን በሌላ ካርድ ፊደሉ አይታይም። ስለዚህ አስቀድሞ ካርዱን አውጥተን አየነው፤ ከ9ኙ ቀዳዳ ጐን የማተሚያው አለ፤ ሜሞሪው 64 ኪሎባይት፤ የቺፖቹ ቀን 1987 ነው። በሄርኩለስ አምሳል የተሠራ ነበር። ጥርሶቹ ጠቍረዋል። በእርሳስ ላጲስ ቀስ ተብለው ተወለወሉ፤ ፍርፋሪው በብሩሽ ተጠረገ፤ ተመልሶም እስከ መጨረሻው ተጫነ። ሞኒተሩ ከጥቂት ጊዜ በኋላ አረንጓዴ ብርሃን ሰጠ። ነገሩ ሁሉ ይኸው ነበር።

አንባቢ በቤቱ ሁለት ካርድ ጨምሮ መኪናው እንቢ ካለው፤ ሁለቱ ባንድ አድራሻ ተሰይመው እንደ ሆነ ይመርምር፤ ሁለት ክርክር ባንድ የመዝገብ ቍጥር ሲገባ እንደሚሆነው ነው። በካርዱ ላይ ጃምፐር የምትባለውን ትንሽ ኮፍያ ካንዱ እሾህ ወደ ሌላው በማዛወር ይለያያሉ። ሲሪያል ካርድ ሁለት ሲሆን አንዱ ኮም 1፤ ሌላው ኮም 2 መባል አለበት።

ለዲስኬቶቹ ሌላ መላ ዛሬ አለ። ጎቴክ የሚባለው ትንሽ ዕቃ በዲስኬት ማንበቢያው ቦታ ገብቶ ከፍላሽ ያነባል፤ ኤክስቲ አይዲኢ የሚባለው ካርድ ደግሞ በሞተው ሀርድ ዲስክ ፋንታ የካሜራ ካርድን የመሰለ ማኅደር ለአሮጌው ስሎት ያስተናግዳል። ግሪስዊዝል የሚባለው ሰሌዳ ከዲስኬት ማንበቢያ ጋር ተያይዞ በዲስኬቱ ላይ ያለውን ምልክት ሁሉ ወደ አዲሱ ኮምፒዩተር ይገለብጣል። እኔ የምመክረው ከማናቸውም በፊት ይህን ግልባጭ ማስቀደም ነው። በ360 ኪሎባይት ማንበቢያ የተጻፈውን ዲስኬት በ1.2 ሜጋባይት ማንበቢያ ማንበብ ይቻላል፤ መጻፍ ግን አይገባም፤ የኋለኛው መስመሩ ቀጭን ስለ ሆነ የፊተኛው መልሶ ሊያነበው አይችልም። ሻጋታ የያዘውንም ዲስኬት ዝም ብሎ ማግባት የማንበቢያውን ራስ ያበላሻል።

ከዐሥራ አንዱ ዲስኬቶች ሰባቱ ተነበቡ፤ ሁለቱ ሻጋታ ይዟቸው ነበር፤ ሁለቱ ደግሞ በከፊል ብቻ ተከፈቱ። በዚያው በሄርኩለሱ ካርድ የማተሚያ ቀዳዳ ከወዳጅ ቤት የተለመነ የነጥብ ማተሚያ ሰክተን፤ የተነበበውን ሁሉ በወረቀት አወጣነው። የትውልዱ ሐረግ ከሰባተኛው አባት ጀምሮ ተጽፏል። ከብት ያስጠበቁባቸው ሰዎች ስም፤ የከብቱ ቀለምና ቀንድ፤ የተሰጠበት ወር አንድ በአንድ አለ። የብድሩ ዝርዝር ግን ከሻጋታዎቹ በአንዱ ላይ መሆኑን ከማውጫው ተረዳን። እሜቴ ወረቀቱን ካነበብሁላቸው በኋላ፤ «እዳውንስ ተዉት፤ የሚያውቀው ያውቀዋል፤ የከብቱን ግን ደግመህ አንብብልኝ» አሉኝ።

በማግስቱ ዝርዝሩን አውጥቼ «ዋጋ የሌለው» ያልሁትን በወራሾቹ ፊት ሰረዝሁ፤ በምትኩም «አንድ ኮምፒዩተር ከነካርዶቹ፤ ከዐሥራ አንድ ዲስኬቶች ጋር፤ ሳይከፋፈል በእናትየው እጅ የሚቀመጥ» ብዬ ጻፍሁ፤ አምስቱም ፈረሙ። ሁለቱ የሻገቱት ዲስኬቶች በንጹሕ ወረቀት ተጠቅልለው፤ ተጠርገው እስኪነበቡ ድረስ፤ ከሙቀትና ከአቧራ ርቀው በብረቱ ሣጥን ውስጥ ይገኛሉ።